ከስንዴው ጋር የገባው አረም፦ ከቆቦና ከራያ ቆላ የምንማረው

አዲስ አበባ ውስጥ አበባ የምታሳድግና ድመት ያለቻት ሴት «ይህ ተክል ድመቴን ይጎዳብኝ ይሆን?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ይታወቃል። ኦርኪድ ድመት አይመርዝም፤ ሊሊ የሚባለው አበባ ግን ጥቂት ቅጠሉን ብትቀምስ እንኳ ኩላሊቷን ሊያጠፋ ይችላል። ቁም ነገሩ ጥያቄው ተክሉ ቤት ከመግባቱ በፊት መጠየቁ ነው።

ራያ ቆላ ላይ ይህን ጥያቄ በጊዜው የጠየቀ አልነበረም።

ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለውን ቅንጬ አረም የቆቦ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የሳይንስ ስሙ ፓርቲኒየም ነው። የትውልድ አገሩ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ሲሆን፣ ህንድ የገባው ከውጭ ከመጣ ስንዴ ጋር እንደሆነ ይነገራል። ሐረርጌ ላይ ደግሞ «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ እንድትለቅ የሚያስገድድ ማለት ነው።

ወደ እኛ አገር እንዴት ገባ? ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን በወታደራዊ ተሽከርካሪዎች መጣ ይላል። ሁለተኛው የ1977ቱን ረሃብ የእርዳታ እህል ያነሳል። ለሁለተኛው ጠንካራ ፍንጭ አለ፤ አረሙ ቀድሞ ተስፋፍቶ ከታየባቸው ቦታዎች ሁለቱ ድሬዳዋና ቆቦ ናቸው፤ ሁለቱም ዋና የእርዳታ ማከፋፈያ ነበሩ። በእኔ እምነት አስተያየቶቹ አይጣሉም። አረም በአንድ በር ብቻ አይገባም።

በ77 ልጁ እየሞተበት ስንዴ የተቀበለውን አባት ማንም ሊወቅሰው አይችልም። መጠየቅ የነበረበት እህሉን የጫነውና ወደብ ላይ የተረከበው ነው።

ጉዳቱ ከሰው እስከ ከብት ይደርሳል። ከብቶች ወደው አይበሉትም፤ ሣር ሲጠፋ ግን ይቀምሱታል፤ ያኔ ወተቱ ይመራል። ህንድ ውስጥ በተደረገ ሙከራ አረሙ በብዛት የተቀላቀለበትን መኖ የበሉ ጎሾች ሞተዋል። በእጁ የሚያርመውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ማሽላን በተመለከተ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ አረሙ ወቅቱን ሙሉ ሳይነቀል ከቀረ ምርቱ እስከ 97 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። የራያ ሰው እንጀራው ማሽላ፣ ጥሪቱ ከብት ነው፤ አረሙ የመጣበት በሁለቱም በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ በአገራችን ተለቋል። መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን አንዱ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር የሚበትን ጠላት በጥንዚዛ ብቻ አይሸነፍም። ሳያብብ መንቀል፣ በባዶ እጅ አለመንካት፣ ዘርና ድርቆሽ ሲገዛ ማጣራት ያስፈልጋል።

ቆቦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ዳግም የጦርነት አውድማ ሆናለች። ዳግም ወታደራዊ ተሽከርካሪ ተመላለሰባት፣ ዳግም የእርዳታ እህል ጠበቀች። የትናንቱ አረም የገባባቸው በሮች እነዚሁ ናቸው። እህሉ ይምጣ፤ የተራበ ይብላ። ነገር ግን ጆንያው ከመራገፉ በፊት ዘሩን የሚመረምር ባለሙያ መመደብ ቅንጦት አይደለም። ለአንዲት ድመት የምንጠይቀውን ጥያቄ ለአንድ ወረዳ ከብትና ማሽላ እንዴት እንነፍጋለን?