ገደሉን የያዘው ሣር

ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ መቼም አይኖርም። ሣሩ ማታለያ፣ ገደሉ መጨረሻ፤ በሬው ደግሞ እኛ። ተረቱን ስንሰማ ያደግን ሰዎች ሣርና ገደል ምን ጊዜም በአንድ ተንኮል የተዋዋሉ ይመስለናል። አርባ ምንጭ የሄደ ሰው ግን አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ ቢወጣ ነገሩ ሁልጊዜ እንደዚያ እንዳልሆነ ያያል። እዚያ ገደሉን ይዞ ያቆመው ሣሩ ነው።

መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና በሙቀት ትቀቅላችኋለች፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር ላይ ሆና ጋቢ ታስለብሳችኋለች። እስከ 1950ዎቹ ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች። ከዚያ ሹማምንቱ ወደ ቆላ ወረዱና አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። (ሹም ሲወርድ አፈሩም አብሮ መውረዱ ግጥምጥሞሽ ነው ብለን እንለፈው።)

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆም ብላችሁ ዞር ስትሉ ሁለት ሐይቅ ታያላችሁ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው የመሬት ቅንጣቢ አለ። ጫሞ ሰማያዊ ነው። አባያ ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ጎብኚው ሁሉ ፎቶ ያነሣና «እንዴት ያምራል!» ይላል። ማማሩስ ያምራል፤ ግን ያ ቀለም እኮ አፈር ነው። አባያ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ቢበዛ 13 ሜትር ገደማ ነው። ብላቴ ከሰሜን፣ ጊዳቦና ገላና ከምሥራቅ፣ ሐሬና ባሶ ደግሞ ከዚሁ ከጋሞ ደጋ አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ደቃቁ አፈር ውኃው ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል፤ ነፋሱም ሐይቁን ከሥሩ እያማሰለ እንዲዘቅጥ ጊዜ አይሰጠውም። በርግጥ አባያ ዛሬ አይደለም የደፈረሰው። የአገሩ ዐለትና አፈር ጠባይም አለበት፤ ጥፋቱን ሁሉ አራሹ ላይ መከመር ግፍ ነው። ቢሆንም በየክረምቱ ከዳገቱ የሚወርደው የማን ማሳ እንደሆነ ያገሩ ሰው በቀለሙ ያውቀዋል።

ይህን ሐይቅ በ1888 ዓ.ም፣ በዚያው በዓድዋ ዓመት፣ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል የጣልያን መኮንን ደረሰበትና «አገኘሁት» አለ። አግኝቶም ዝም አላለም፤ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። ዳር ዳሩን ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩት ሰዎች ሐይቃቸው መጥፋቱን አልሰሙም ነበር። ቦቴጎ በዓመቱ ወለጋ ላይ ተገደለ፤ የማርጌሪታ ስም ግን በፈረንጅ ካርታ ላይ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

የቦቴጎን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ደሾ ሣር የተጻፉ ጥናቶችን ስታገላብጡ አንዱ ከሌላው እየቀዳ የሚደጋግመው ዓረፍተ ነገር አለ፤ ደሾ ለመጀመሪያ ጊዜ «የተገኘው» እ.ኤ.አ በ1991 ጨንቻ ነው ይላል። ይህን አንድ የጨንቻ ሽማግሌ ቢሰሙ «ጠፍቶ ነበር እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ደሾ የአገሬው ስሙ ነው። ሰው ስም የሚያወጣው ለሚያውቀው ነገር ነው።

ለመሆኑ ደሾ ምንድን ነው? አንዴ ከተተከለ ለዓመታት የሚኖር፣ እንደ ጉጥ ተጠጋግቶ የሚበቅል፣ ቁመቱ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ ሣር ነው። ሥሩ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል፤ አፈሩን እንደ ጣት ጨብጦ ይይዛል። ዝናብ ሲጠፋ ላዩ ይገረጣል፣ ሥሩ ግን ይጠብቃል፤ ጠብ ሲል መልሶ ያቆጠቁጣል። ዘሩ ስለማይታመን የሚባዛው ጉጡ ከነሥሩ እየተገነጠለ ነው። የክረምቱ ዝናብ እንደያዘ፣ የተገነጠለው ሳይደርቅ፣ በረድፍ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ይተከላል። ፍግ ካገኘ ይደሰታል። በተተከለ በሦስት በአራት ወሩ ይታጨዳል፤ ሥር ከያዘ በኋላ ደግሞ በዓመት ደጋግሞ ማጭድ ይቀበላል። የሚወደው ከ1,500 እስከ 2,800 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሳይንስ ስሙስ? እዚህ ላይ ትንሽ መሳቅ ይቻላል። ለብዙ ዓመታት ሊቃውንቱ ፔኒሴተም ፔዲሴላተም እያሉ ሲጽፉት ኖሩ። ያ ዝርያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅሎ በዓመቱ የሚሞት ነው፤ ደሾ ደግሞ አይሞትም። ኋላ ላይ ጉዳዩ ሲመረመር ፔኒሴተም ግላውሲፎሊየም ሆኖ ተገኘ። ይህ ስም ከኢትዮጵያ ተለቅሞ አውሮፓ በተወሰደ ናሙና ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ ነው። እንግዲህ ሣሩ ሁለት ጊዜ ተገኘ ማለት ነው። ጨንቻ ሳለ ግን አንድ ጊዜም አልጠፋም።

ለጋሞ ደጋ ሰው ሣር የከብት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አገሩ የእንሰት አገር ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይለማም፤ ፍግ ያለ ላም፣ ላምም ያለ ሣር የለም። ላሚቱ ከወተቷ ይልቅ ለፍጓ የምትፈለግበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ሣሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚከሳው ከብቱ ቢሆንም መጨረሻ የሚጎድለው ቆጮው ነው። ሕዝቡ በረከተ፣ ማሳው ተቆራረሰ፣ የግጦሹ ሜዳም በኮቴ ተደቁሶ ቦረቦር ወጣበት። ቦረቦሩ የወሰደው አፈር የት እንደሚሄድ ከላይ አይተናል።

መንግሥትም ዝም ብሎ አላየም። በደርግ ዘመን በሥራ ለምግብ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን በአገሪቱ ተሠርቷል። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም ሲወድቅ ግን በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተተከለውም ዛፍ ተቆረጠ። ገበሬው ዕብድ ሆኖ አይደለም። ደረቅ እርከን ከማሳው ላይ መሬት ይወስዳል እንጂ የሚሰጠው የለም፤ አይበላ፣ አይታለብ። ደሾ በጨንቻ «ተገኘ» የተባለው በዚያው ሰሞን መሆኑ ይገርማል። እርከኑ ጫፍ ላይ ደሾ ሲተከል እርከኑ መኖ ሆነ። መኖ የሆነ እርከን ደግሞ ዘበኛ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ራሱ ይጠብቀዋል።

ከእንግዳው ከቬቲቨር ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ቬቲቨር ከሕንድ ወደ ጅማ ምርምር ማዕከል የመጣው እ.ኤ.አ በ1971 ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰፊው አስፋፋው። ጎበዝ ሣር ነው፣ አላማውም፤ ሥሩ በጥልቀት ይሄዳል፣ ጎርፍ ይሰብራል። የጎለመሰ ቅጠሉን ግን ከብት እምብዛም አይደፍረውም። ይህ ለእርከኑ ደኅንነት ነው፣ ለተራበችው ላም ግን ምኗም አይደለም። ደሾ በተቃራኒው ጣፋጭ ነው። ጣፋጭነቱ በጎነቱም መከራውም ነው፤ ከብት ከተለቀቀበት ከነሥሩ ነቅሎ ነው የሚበላው። ስለዚህ ደሾን የተከለ ሰው ከብቱን ማሰር አለበት። ሣሩ ወደ ላሚቱ ይሄዳል እንጂ ላሚቱ ወደ ሣሩ አትሄድም።

ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። በጨንቻ የተራቆተው የጋራ ግጦሽ ሲታጠር መሬቱ ለየአባወራው ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ቁራጭ ተከፋፈለ፤ ደሾ ተተከለበት፣ ሰስባኒያና ሉኪኒያም ተጨመረበት፣ እየታጨደ ለታሰረው ከብት ይቀርብ ጀመር። ሜዳው አገገመ፣ ቦረቦሩም ዳነ። በዓይን የሚታይ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን የጋሞ ሰው የጋራ ሜዳ የሚለው ተራ ግጦሽ አይደለም። ዱቡሻ የሚባለው ሸንጎ የሚቀመጠው ሜዳ ላይ ነው፤ ደንብ የሚወጣው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። የጋራው ሁሉ በገመድ እየተለካ ወደ ግል ሲሄድ፣ ሣሩ ቢተርፍም ሣሩን በጋራ ሲጠብቅ የኖረው ሥርዐት ምን እንደሚሆን የጠየቀ ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ሣር እዚያ አገር ምን እንደሆነ ያልገባን ሰዎች በመስከረም 2011 ዓ.ም አይተናል። ቡራዩና አካባቢው ላይ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ያ ግድያ በተፈጸመ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ወጥቶ ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ሣሩን ረግጦ አላለፈም። አዲስ አበባ ላይ ሣር ማለት በበዓል ቀን ቡና የሚፈላበት ጉዝጓዝ ሆኖብን ለምንኖር ሰዎች ያ ቀን ትምህርት ነበር።

ሌላም ጥያቄ አለ። ማን ያጭዳል? ማንስ ይሸከማል? ላም ስትለቀቅ ራሷ ሄዳ ትበላለች፤ ስትታሰር ግን ምግቧ በጀርባ ይመጣል። የጋሞ ደጋ ወንድ ብዙው ሸማኔ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ወርዶ መወርወሪያውን ሲወረውር ይከርማል። ሸክሙ እንግዲህ ለሴቷና ለልጁ ነው። ስለ ደሾ ስናወራ የሣሩን ኪሎ እንመዝናለን፣ የሴቲቱን ጀርባ ግን ማንም አልመዘነም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቁጥር ልመለስ። ደሾ የሚስማማው ከ1,500 ሜትር በላይ ነው ብለናል። አባያ ዳር ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሐይቁን ከአፈር የሚታደገው ሣር ሐይቁ ዳር አይደለም የሚተከለው፤ ከላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ሐይቁን አይቶት በማያውቅ ሰው ማሳ ጫፍ ላይ ነው። የጨንቻው ገበሬ እርከኑን ደሾ ሲያለብስ፣ የሐሬን ውኃ ጠልፎ ሙዝ የሚያለማው የቆላ ሰው ቦዩ በደለል አይሞላበትም። ከታች ያለው ሙዙን በመኪና ጭኖ አዲስ አበባ ይልካል፤ ከላይ ያለው የሚያገኘው ሣሩን ነው። በዚህ ላይ አንድ ስምምነት ቢኖር፣ ከሙዙ ትንሿ ወደ ዳገቱ ብትመለስ፣ ምን ነበረበት?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና ሣር ሁሉን አይችልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ላይ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። እንዲያ ያለውን ናዳ ደሾ ያቆመዋል የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትስሙት። ደሾ የሚይዘው በየዝናቡ ጭብጥ ጭብጥ እያለ የሚሄደውን፣ ማንም የማያለቅስለትን አፈር ነው።

ሣሩ ግን ዛሬ ብዙ አገር ደርሷል። ዶዮ ገና ላይ እርከኑን ሞልቶታል፤ ቡሬ ወርዶ ጎጃሜም ሆኗል። ምርምሩ መርጦ ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ ቁሉምሳ ይባላል፣ አንዱ አረካ፣ ሁለቱ ደግሞ ኪንዶ ኮሻ ናቸው። ከአራቱ ውስጥ ጨንቻ የሚል የለም። ቡሬ ላይ ያለው ገበሬ ጨንቻ በየት በኩል እንደሆነች ላያውቅ ይችላል፤ ሣሩን ግን ደሾ ብሎ ነው የሚጠራው፣ ጎረቤቱም ሊለምነው ሲመጣ ከጉጡ ላይ ገንጥሎ ይሰጠዋል።