ዜና ጌጥ ጸሊም ዘሀገረ ዊትቢ

በእንግሊዝ አገር፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ዮርክሻየር በምትባለው አውራጃ፣ ዊትቢ የምትባል የባሕር ወደብ አለች። ከወደቧ አጠገብ ባለው ገደል ውስጥ እንግሊዞች ጄት የሚሉት ጥቁር ነገር ይገኛል፤ ይኸውም ሲያዩት ድንጋይ ቢመስልም ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ጭቃ ሥር ተቀብሮ የጠቆረ እንጨት ነውና፣ በእጅ ሲይዙት ይቀላል፣ እሳት ሲነካው እንደ ከሰል ይነዳል፣ ሲወለውሉት ግን እንደ መስተዋት ያበራል። ሮማውያን ያችን አገር በያዙ ጊዜ በዮርክ ከተማ ቀለበትና የፀጉር መርፌ ይቀርጹበት ነበር፤ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በ731 ዓ.ም. (እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጽፎ የፈጸመው መነኩሴ ቤዳም ጢሱ እባብ ያባርራል ብሎ መዝግቦለታል።

በቢላዋና በሞረድ ብቻ ይሠራ የነበረው ይህ ጌጥ፣ በ1800 ገደማ ትሬምሌት የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በቶርኖ እንዲሠራ ካሳየ በኋላ እየተስፋፋ ሄደ፤ ቢሆንም በ1832 የነበሩት ሁለት መሥሪያ ቤቶችና 25 ሠራተኞች ብቻ ነበሩ።

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በ25ኛው ዓመት፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1861፣ ባሏ ልዑል አልበርት ሞተ፤ እርሷም ከል ለበሰች፣ እስክትሞትም ድረስ 39 ዓመት አላወለቀችውም። በሐዘን ወራት በቤተ መንግሥት ወርቅና ዕንቁ ማብለጭለጭ ነውር ስለ ነበረ፣ ወይዛዝርቱ የዊትቢን ጥቁር ጌጥ በአንገታቸው አሰሩ፤ ባላገሩም የጌቶቹን ልማድ ተከትሎ ለሟቹ ሁሉ ገዛ። እንዲህ ሆኖ ያች ትንሽ ወደብ በሌላ ሰው ሐዘን በለጸገች፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያም በሙያው ያደረው ሰው 1,500 ያህል ደረሰ። ሠሪው እሳትና መስፍ ስለማያሻው አንጥረኛ ሊባል አይገባም፤ ቀራጭ ነው፤ ጌጡንም በመጨረሻ የሚወለውለው ቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ከዘይት ጋር ለውሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ገበያው ተሰበረ፤ ከስፔን የመጣው ልል ጄት እየተሰነጠቀ የዊትቢን ስም አጎደፈ፣ በርካሽ የሚሸጠው ጥቁር ብርጭቆም የፈረንሳይ ጄት እየተባለ ቦታውን ወሰደ፣ ወይዛዝርቱም ጥቁር ሰለቻቸው። ሙያው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከአንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ከነመሣሪያው ተረስቶ የተገኘ የዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ቸርች ስትሪት በተባለው ጎዳና ዳግመኛ ተተክሎ ይታያል፤ በዚያው ጎዳና ያሉት ሱቆችም ጌጡን እስከ ዛሬ ይሸጣሉ። የሚጠራጠር ገዢ ቢኖር ጄቱ ባልተለበጠ ነጭ ሸክላ ላይ ይሰመራል፤ እውነተኛው ጥቁር ሳይሆን ቡናማ መስመር ይተዋል።