በፍጥነት የሚስፋፋ ሊምፎማና ጠቋሚ ፕሮቲኖች፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አገልግሎት የጀመረው በኅዳር 1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ክርስቲን ሃንስና ባልደረቦቻቸው ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል ሊምፎማን በሦስት ፕሮቲኖች በሁለት የሚከፍል ዘዴ አሳተሙ።

የትንበያው መሠረት ግን ቀደም ብሎ ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ አምስት ነጥቦችን ይመዝናል፤ እነርሱም ከ60 ዓመት በላይ መሆን፣ የበሽታው ደረጃ 3 ወይም 4 መድረስ፣ በሽታው ከንፍፊት ውጭ ከአንድ በላይ ቦታ መያዙ፣ የሕመምተኛው አቅም መድከም እና በደም ውስጥ የላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ መጨመር ናቸው። በጥናቱ ከሁሉ ዝቅተኛ ሥጋት ካላቸው ሕሙማን 73 በመቶ፣ ከሁሉ ከፍተኛ ሥጋት ካላቸው ደግሞ 26 በመቶ አምስት ዓመት ኖረዋል። የመጨረሻው ነጥብ ራሱ ፕሮቲን ነው፤ በተራ የደም ምርመራም ይለካል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሽ አሊዛዴህና ባልደረቦቻቸው በአጉሊ መነጽር አንድ የሚመስለው በሽታ በጂን አሠራሩ ሁለት መሆኑን አሳዩ። ዘዴው ግን ውድና ውስብስብ ነበር። የሃንስ ጥናት ሲዲ10፣ ቢሲኤል6 እና ኤምዩኤም1 የተባሉትን ፕሮቲኖች በፎርማሊን በተጠበቀ ናሙና ላይ በማቅለም ተመሳሳይ ክፍፍል ማድረግ እንደሚቻል አመለከተ። የአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት መጠኑ በአንደኛው ወገን 76 በመቶ፣ በሌላው 34 በመቶ ነበር።

ይህ ልዩነት ግን ለሁልጊዜ የሚጸና አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሪቱክሲማብ በኬሞቴራፒ ላይ ሲጨመር ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 80 የሆኑ ሕሙማን የተሻለ ዕድሜ እንዳገኙ አረጋገጠ። መድኃኒቱ ከተስፋፋ በኋላ በተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች የሃንስ ክፍፍል ትንበያ ደከመ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኤምዋይሲና ቢሲኤል2 አብረው በብዛት ሲገኙ ውጤቱ የከፋ መሆኑ ታወቀ። የጠቋሚ ፕሮቲን ትርጉም ከሕክምናው ተነጥሎ አይነበብም ማለት ነው።

ለሐዋሳና ለአካባቢዋ የጤና ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ተግባራዊ ነው። የማይጠፋ ንፍፊት ሁሉ ነቀርሳ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በመርፌ የሚወሰድ ናሙና የንፍፊቱን አወቃቀር ስለማያሳይ፣ ሊምፎማ ሲጠረጠር በቀዶ ጥገና የወጣ ናሙና ይመረጣል። ናሙናው ሳይዘገይ በቂ መጠን ባለው 10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። በአግባቡ ያልተጠበቀ ናሙና ላይ የትኛውም ቤተ ሙከራ ፕሮቲኑን አስተማማኝ አድርጎ ሊያነብ አይችልም፤ ሕመምተኛውም ዳግም ለቢላ ይዳረጋል፣ በሽታው ግን ቀን አይሰጥም።