ከአልጋ የመነሣት ታሪክ፤ ካንሰር የያዛቸው ልጆችና የሰውነት እንቅስቃሴ

የታመመ ሰው ተኝቶ ማረፍ ይገባዋል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች እጅግ የቆየ ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ግርጌ በሚገኙት የደቡብ ጎንደር መንደሮች ልጅ ሲታመም ከእረኝነት ይቀራል፤ ጋቢ ለብሶ ከምድጃው አጠገብ ይተኛል፤ አጥሚት ይቀርብለታል። ይህ ልማድ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ለጥቂት ቀን ትኩሳትም መልካም ነው። ዳሩ ግን ሕክምናው ወራትና ዓመታት በሚፈጅ በሽታ ላይ ያው ልማድ ሌላ ጉዳት እንደሚያስከትል የሕክምና ታሪክ ያስረዳል።

ዕረፍትን እንደ መድኃኒት የቆጠረው ባላገሩ ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጆን ሒልተን እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ዕረፍትና ስለ ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ዕረፍትን ከዋነኞቹ ፈዋሾች መደበው። ከእርሱ በኋላ የነበሩት ሐኪሞችም ወላድን፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለትንና ልቡ የደከመውን ለሳምንታት ማስተኛትን እንደ ሕግ ያዙ። ይህ ሕግ መናወጥ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም አልጋ ላይ መዋል በሳንባ፣ በደም ሥር፣ በአጥንትና በጡንቻ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ዘርዝሮ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለምርምር ሲባል ሦስት ሳምንት እንዲተኙ ተደረገ። ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች በመረመሩ ጊዜ፣ የሦስት ሳምንቱ መተኛት ከሠላሳ ዓመቱ ዕድሜ ይልቅ ዐቅማቸውን አድክሞት እንደ ነበር ተረዱ።

ካንሰር የያዛቸው ልጆች ግን ከዚህ ለውጥ ውጭ ቆዩ። የደም ካንሰር የያዘው ልጅ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ስለ ነበር ስለ ጡንቻው የሚጨነቅ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር በቦስተን ከተማ በሽታውን ለጊዜውም ቢሆን የሚገታ መድኃኒት አስታወቀ፤ በ1960ዎቹም ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ በበለጸጉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች መካከል ከ80 በመቶ የሚበልጡት ይድናሉ፤ በብዙ ድኻ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ ያነሱ ናቸው።

ልጁ መዳን በጀመረ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ከዳነ በኋላ በምን እግሩ ይሄዳል? ቪንክሪስቲን ነርቭን ስለሚጎዳ ልጁ ሲራመድ የእግሩን ጫፍ ማንሣት ያቅተዋል፤ ይደናቀፋል፤ የተረከዙም ጅማት ይኮማተራል። አብረው የሚሰጡት የስቴሮይድ መድኃኒቶች የጭንን ጡንቻ ያመነምናሉ፤ አጥንትንም ያሳሳሉ። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ መተኛት ሲጨመር ጉዳቱ ይደራረባል።

መልሱ ቀስ በቀስ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ 28 የደም ካንሰር ሕሙማን ልጆች በተካፈሉበት ጥናት፣ የፊዚዮቴራፒ ልምምድ የተሰጣቸው ልጆች ቁርጭምጭሚታቸው በተሻለ ሁኔታ እንደሚታጠፍና እግራቸው እንደሚበረታ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2007 በማድሪድ፣ ዕድሜያቸው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የሆነ ሰባት ልጆች በሆስፒታል ውስጥ ለዐሥራ ስድስት ሳምንት ልምምድ ሠርተው ትንፋሻቸውና ጉልበታቸው ተሻሻለ። እነዚህ ጥናቶች ጥቂት ልጆችን ብቻ ያቀፉ ነበሩ፤ ሆኖም ሌሎች ተከተሏቸውና እ.ኤ.አ. በ2021 የልዩ ልዩ አገሮች ባለሙያዎች በአንድነት ባወጡት መመሪያ፣ እንደየዐቅሙ የተመጠነ እንቅስቃሴ ለእነዚህ ልጆች እንደሚበጅ አስታወቁ። ጥንቃቄው ግን አይቀርም። ትኩሳት ሲነሣ፣ ደም ሲያንስ፣ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ሲቀንሱ ወይም ዕጢ አጥንትን ሲያሳሳ ልምምዱ ይቀነሳል፤ አለዚያም ይቆማል። ያበጠ የልጅ እግር እንደ ወለምታ ተቆጥሮ በወጌሻ ሲታሽ፣ እብጠቱ የአጥንት ካንሰር ሆኖ ከተገኘ የሚባክነው ጊዜ ውድ ነው።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አለርት በሚል ስም የታወቀውና በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ፊዚዮቴራፒን ከሕክምናው ጋር አጣምሮ ይዞ ነበር። የሥጋ ደዌም ነርቭን ስለሚጎዳ የእግሩን ጫፍ ማንሣት ያቃተው ሕመምተኛ በአገሪቱ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ የልጆች ካንሰር ልዩ ሐኪሞችን የማሠልጠኑ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀመረ። ስለዚህ እንቅስቃሴን የሚያውቀው ባለሙያና ልጁን የሚያክመው ሐኪም ሁለቱም አሉ፤ የሚቀረው በአንድ አልጋ አጠገብ መገናኘታቸው ነው።

ጉዳዩ ለደቡብ ጎንደር ልጅ ይበልጥ ይከብዳል። በሽታው ሲጠረጠር ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያም ከዘመድና ከጨዋታ ተለይቶ ይሰነብታል። ከእርሱ ጋር የመጣችው እናት ድካሙን አይታ ወደ መጸዳጃ ሳይቀር ታዝለዋለች። ልጁ ድኖ ሲመለስ የሚጠብቀው ግን ዳገትና ቁልቁለት፣ ወንዝ መሻገርና ረጅም የትምህርት ቤት መንገድ ነው። ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮኸውና በሆያ ሆዬ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞረው እኩያውም ይጠብቀዋል። በእግሩ መቆም ያቃተው ልጅ ከበሽታው ቢያመልጥም ከዚህ ሁሉ ይቀራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ቁርጭምጭሚትን በየቀኑ ማሳሳብ፣ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ፣ በኮሪደር መራመድ፣ ኳስ መቀባበልና በተቀመጡበት እስክስታ መውረድ በማናቸውም ክፍል ይቻላል። ነገር ግን ትእዛዙ እንደ መድኃኒቱ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ካልተጻፈ፣ ኃላፊነቱም ለአንድ ባለሙያ ካልተሰጠ፣ ማንም ሳያስበው ይቀራል። ለእናቲቱም ልጇን ማንቀሳቀስ ጭካኔ ሳይሆን የሕክምናው ክፍል መሆኑ በቋንቋዋ ሊነገራት ይገባል። የአውሮጳና የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ ዕውቀቱን አዘጋጅቶ የተረከበው የኢትዮጵያ ባለሙያ ግን ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅበት ምክንያት የለም።