መልካ ቁንጡሬ
መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ በላይኛው አዋሽ ሸለቆ የሚገኝ የአርኪዮሎጂ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ የአዋሽን ወንዝ በድልድይ የሚሻገረው በዚህ አካባቢ ነው። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ሲሆን፣ ስሙ ቦታው ከድልድዩ በፊትም መሻገሪያ እንደነበረ ያመለክታል።

አቀማመጥ
ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አዋሽና ገባሮቹ መሬቱን ሸርሽረው ጥንታዊዎቹን ንብርብሮች አጋልጠዋል። በንብርብሮቹ መካከል ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ የዕድሜ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ዋና ዋናዎቹ የቁፋሮ ቦታዎች ጋርባ፣ ጎምቦሬ፣ ካሬና ሲምቢሮ ይባላሉ።

የጥናት ታሪክ
ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው የሆላንድ የውሃ ባለሙያው ጄራርድ ዴከር ነው። ከ1965 እስከ 1995 በፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን መሪነት ተቆፈረ። ከ1999 ጀምሮ ደግሞ የጣሊያን ቡድን፣ በመጀመሪያ በማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ከ2011 ወዲህ በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ጥናቱን ቀጥሏል።

ግኝቶች
በጋርባ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የሆሞ ኢሬክተስ መሆኑ ተገልጿል። ይህም የጥንት ሰው በቀዝቃዛው ደጋ ላይ ቀደም ብሎ መኖር እንደጀመረ ያሳያል። በጎምቦሬ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የአዋቂዎችና የትንንሽ ልጆች የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል፤ ልጆቹ አዋቂዎቹ ሥጋ በሚበልቱበትና የድንጋይ መሣሪያ በሚሠሩበት ቦታ አብረው ነበሩ ማለት ነው። በሲምቢሮ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ከጥቁር የመስታወት መሰል ድንጋይ የተሠሩ የእጅ መጥረቢያዎች አሉ። ድንጋዩ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ባልጩት በብዛት ይገኛል፤ ባልጩት በአማርኛ የዚሁ ስለታም ድንጋይ ስም ነው።

አካባቢው
በዚሁ መንገድ አቅጣጫ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ከአለት እንደተፈለፈለች የሚነገረው አዳዲ ማርያምና፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ ይገኛሉ። የአዲስ አበባን ውሃ ይዞ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝም ከዚህ በታች አዋሽን ይቀላቀላል።

ጥበቃ
መልካ ቁንጡሬና ባልጩት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ለኢትዮጵያ 12ኛው ነው። ንብርብሮቹን ያጋለጠው የወንዝ ሽርሸራ ራሱ ጠርጎ ሊወስዳቸውም ይችላል። ከንብርብሩ የተነሣ ድንጋይ ደግሞ ዕድሜው የሚታወቅበትን መረጃ ያጣል። ስለዚህ ጎብኚዎች ከመሬት ላይ ምንም ነገር ማንሣት የለባቸውም። በቦታው ሙዚየም አለ፤ በጎምቦሬም የተቆፈረው ጥንታዊ ወለል ባለበት ሁኔታ ይታያል።