ሰፊው ጣና፣ ትንሹ ዘንገና

ነፋስ መውጫ ከተማ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጉና ተራራ ላይ ነው። ጋይንቴውም እስቴውም ክረምት መግባቱን የሚያውቀው የጉና አናት በደመና ሲጠቀለል ነው። ከጉና ማዶ ደግሞ ጣና ተንጣሏል። ለመሆኑ ከአማራ ክልል ሐይቆች ጥልቁ የትኛው ነው ቢባል ስንቶቻችን «ጣና» ብለን እንመልስ ይሆን? ባሕር ብለን የምንጠራው እሱን አይደል?

መልሱ ግን ሌላ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቢቆምበት ጣሪያው ከውሃው በላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ ያለው ዘንገና ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ነው። ከኢትዮጵያ ሐይቆች በጥልቀት አንደኛ የሆነው ሻላ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ዘንገና ከእሱ ቀጥሎ ይጠራል። ታዲያ ትንሹ እንዴት ትልቁን አሥር እጥፍ በላይ በጥልቀት በለጠው?

አባቶቻችን ሐይቅ እንዴት እንደሚፈጠር የራሳቸው ማብራሪያ ነበራቸው። በወሎው ሐይቅ ዙሪያ የሚነገረው አፈ ታሪክ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ስለተበደለች እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ውሃ አደረገው፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላል። የመሬት አጥኚዎች ደግሞ ታሪኩን ከድንጋዩ ያነባሉ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይጀምራል። ያን ጊዜ ምድር ተሰንጥቃ ቅላጭ አለት እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ደጋውን ገነባ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገድ ለማውጣት ያስፈለጡት ገደል የዚያ ንጣፍ ነው። ጉና በዚሁ ንጣፍ ላይ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የበቀለ እሳተ ገሞራ ነው። ኋላም ከጉና በስተ ምዕራብ ያለው ምድር ሰጥሞ ሰፊ ገበታ መሰለ። በመጨረሻ በደቡብ በኩል የፈሰሰ ቅላጭ አለት የውሃውን መውጫ ዘጋውና ጣና ተወለደ። ጢስ ዓባይ ዛሬም የሚወረወረው ከእንዲህ ዓይነቱ አለት ላይ ነው። እንግዲህ ጣና የተገደበ ውሃ ነው፤ ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ ደግሞ ይሰፋል እንጂ አይጠልቅም።

የዘንገና ልደት ሌላ ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው። ከምድር በታች ሽቅብ የሚወጣው ቅላጭ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝም ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣ አለቱን ፈንቅሎ ይፈነዳል። ከፍንዳታው የቀረው ክብ ጉድጓድ ውሃ ሲሞላው ዘንገናን የመሰለ ሐይቅ ይሆናል። ሻላም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ በእሱ ግን ከሥር የነበረው ቅላጭ አለት ተተፍቶ ሲያልቅ ጣሪያው ምሰሶው እንደተነቀለ ቤት ተደርምሷል።

ይሁን እንጂ ጥልቅ ሆኖ መወለድ አንድ ነገር ነው፤ ጥልቅ ሆኖ መቆየት ሌላ። ዘንገና ዙሪያውን በከንፈሩ የታጠረ ነው፤ ደለል ተሸክሞ የሚገባበት ትልቅ ወንዝ የለውም፤ ቁልቁለቱንም ዛፍ ይዞታል። ጣና ግን ወንዞች ከየአቅጣጫው ይገቡበታል። ከእነዚህ መካከል ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ነው። በሐምሌ የርብን ድልድይ የተሻገረ ሰው የውሃውን መልክ ያስታውሳል፤ ውሃ ሳይሆን የሚሄድ ማሳ ይመስላል። የፎገራን ሜዳ ያለበሰውም ከላይ የመጣው አፈር ነው። ከጣና ወለል ሥር በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ደለል ተኝቷል።

ይህ ደለል አንድ የሚያስደነግጥ ታሪክም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤታቸውን ያሳተሙ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ያወጡትን ጭቃ መርምረው፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር አረጋግጠዋል። ያን ጊዜ ያደረቀው ድርቅ ነው፤ የሰው እጅ አልነበረበትም። ዛሬ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ የተሸከመው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እንቦጭ በፍጥነት የተስፋፋው ዝቅ ባለውና ደለል በበዛበት ዳርቻ ነው።

ጉና ላይ ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ይህን ሁሉ ለማበላሸት ብሎ አይደለም የሚያርሰው። መሬቱ ጠቦበት፣ ሽቅብ ወጥቶ ነው። በየክረምቱ ከማሳው የሚሄደውን አፈር በመጀመሪያ የሚያጣው እሱ ነው፤ የጣና አስጋሪ ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጣናን እናድን ሲባል ባሕር ዳር ላይ ቆሞ እንቦጭ መንቀል ብቻ አይበቃም። ሥራው እስቴና ጋይንት ቁልቁለት ላይ፣ እርከኑና ዛፉ ላይ ይጀምራል። ለዚያ የሚደክመው ገበሬም ድካሙን የሚካፈለው ሰው ከታች ሊኖረው ይገባል።