የከተማን ጎርፍ አስቀድሞ የመገመት ዘዴ፤ አመጣጡና ጉድለቱ

የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚሠራ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ቁጥር ማግኘት አለበት፤ ይኸውም እጅግ በበረታው ዝናብ ጊዜ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ቦዩ ይመጣል የሚለው ነው። ቁጥሩ ካነሰ ውሃው መንገዱንና ቤቱን ያጥለቀልቃል፤ ከበዛም የሕዝብ ገንዘብ ያለ ጥቅም መሬት ውስጥ ይቀበራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ «ራሽናል ሜተድ» የተባለው የስሌት ዘዴ ከየት እንደ መጣና እስከ ዛሬ ያቆየው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው፥ ሌላ ካልገለጽን በቀር፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

፩. የዘዴው አመጣጥ

በ19ኛው መቶ ዓመት የኤውሮጳና የአሜሪካ ከተሞች ትልልቅ ቦዮችን ሲሠሩ፥ መሐንዲሶቹ በአንድ አገር ልምድ የተገኙ ቀመሮችን ይጠቀሙ ነበር። በ1880 የዙሪኩ ቡርክሊ ዚግለር፥ በ1887 የሴንት ሉዊሱ ማክማዝ ያወጧቸው ቀመሮች የቦታውን ስፋትና ተዳፋትነት ያስገባሉ፤ ነገር ግን ዝናቡ ምን ያህል ጊዜ ሲቆይ አደገኛ እንደሚሆን አይጠይቁም።

ይህ ጥያቄ ግን ከእነርሱ በፊት ተነሥቶ ነበር። ቶማስ መልቫኒ የተባለ የአየርላንድ መሐንዲስ ዝናብንና ጎርፍን በራሳቸው ስለሚመዘግቡ መሣሪያዎች በ1851 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በጊዜ አስረድቷል። በአንድ ተዳፋት ላይ ዝናብ ሲጀምር አስቀድሞ ወደ መውጫው የሚደርሰው በቅርብ የወረደው ውሃ ነው፤ ከሩቁ ጫፍ የተነሣው ገና በመንገድ ላይ ነው። ፍሰቱ የሚበረታው የሩቁ ውሃ ደርሶ ከቅርቡ ጋር ሲገናኝ ነው። ይህን ጊዜ «የመሰብሰቢያ ጊዜ» እንለዋለን።

ይህን አሳብ ለከተማ ያዋለው ኤሚል ኩይክሊንግ ነው። በአሜሪካ በሮቼስተር ከተማ ዝናቡንና በቦዮቹ የሚወርደውን ውሃ አስተያይቶ በ1889 ባወጣው ጥናት፥ ወደ ቦዩ የሚደርሰው የዝናብ ድርሻ ውሃ ከማያሰርገው መሬት፥ ማለት ከጣራውና ከተነጠፈው መንገድ፥ ድርሻ ጋር የተቀራረበ መሆኑን ገለጸ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሎይድ ዴቪስ በ1906 ተመሳሳይ ዘዴ ስላቀረበ በዚያ በስሙ ይጠራል።

፪. ስሌቱ

ስሌቱ ቀላል ነው። የፍሰት ድርሻው፥ የዝናቡ ኃይል በሰዓት በሚሊሜትር፥ የቦታውም ስፋት በሄክታር ተባዝተው ለ360 ሲካፈሉ፥ ከፍተኛው ፍሰት በሴኮንድ በሜትር ኩብ ይገኛል። የሚያስቸግረው የትኛውን ዝናብ እንደምንወስድ ነው። አጭር ዝናብ ኃይለኛ ቢሆንም የሩቁ ውሃ ሳይደርስ ያባራል፤ ረጅም ዝናብ ውሃውን ሁሉ ቢያገናኝም ኃይሉ የቀነሰ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ርዝመቱ ከመሰብሰቢያው ጊዜ ጋር እኩል የሆነው ዝናብ ነው። በእኛ አስተያየት ዘዴውን ያቆየው ይህ የጊዜ አሳብ ነው።

ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 36 ሄክታር የሆነ፥ አብዛኛው ሣርና ጓሮ የሆነ ሰፈር እናስብ። የፍሰት ድርሻው 0.3፥ የዝናቡ ኃይል በሰዓት 60 ሚሊሜትር ቢሆን ፍሰቱ 1.8 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ነው። ሰፈሩ በቆርቆሮ ጣራና በአስፋልት ቢሸፈንና ድርሻው 0.8 ቢደርስ ፍሰቱ 4.8 ይሆናል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በተነጠፈ መሬት ላይ ውሃ ስለሚፈጥን የመሰብሰቢያው ጊዜ ያጥራል፤ አጭር ዝናብ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ኃይሉ 90 ሚሊሜትር ቢሆን ፍሰቱ 7.2 ይደርሳል፤ ይኸውም የመጀመሪያው አራት እጥፍ ነው። ከሰማይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ምድሩ ነው።

፫. ነገሩ ስለ እኛ

ኩይክሊንግ ጥናቱን ባወጣበት ዓመት አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ መሬቷ ሣርና ቁጥቋጦ፥ ቤቶቿም የሣር ክዳን ነበሩ። ዛሬ በዚያው ተዳፋት ላይ አስፋልትና ሕንፃ ተንጣሏል፤ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የሚወርዱት ወንዞች ግን በዚያው ጠባብ ሸለቆ ይሄዳሉ። ስለዚህ በአንድ ዘመን መሬት ተለክቶ የተቀበረ ቱቦ ለልጆቹ ዘመን ሊጠብ ይችላል። ይህም የሆነው መሐንዲሱ ስሌት ስለ ሳተ ላይሆን ይችላል፤ ከተማው የተሰላለትን መልክ ትቶ ስላደገ እንጂ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የስፋት ነው። ዘዴው በቦታው ሁሉ ላይ እኩል ዝናብ እንደሚወርድ ስለሚያስብ ለትንሽ ሰፈር እንጂ ለትልቅ ተፋሰስ አይበቃም። በ1998 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ ድሬዳዋን በሌሊት ሲመታ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ ውሃ ከከተማው ውጭ ካለው ደጋ የወረደ ነበር፤ የከተማውን ጣራና መንገድ ብቻ የቆጠረ ስሌት አያገኘውም። እንዲህ ላለው ተፋሰስ ሸርማን በ1932 ካቀረበው «ዩኒት ሃይድሮግራፍ» ጀምሮ የመጡት ዘዴዎች ይሻላሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ የፍሰት ድርሻው ከሠንጠረዥ የሚቀዳ ቁጥር ብቻ አለመሆኑን ነው። ስለ ከተማው የወደፊት መልክ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ስለዚህ ቦይ የሚለካው መሐንዲስና መሬት የሚመራው ሹም አንድ ካርታ እያዩ ሊሠሩ ይገባል። አለዚያ አንዱ ያሰላውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ነው።